በቀል ከየት ይበቅላል?

ባለፈው ሰሞን በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፈር፣ ቡና ተጠርተን የተሰበሰብን ሰባት ስምንት ሴቶች ነበርን። ባለቤቲቱ ታናሽ እኅቷን ከገጠር አስመጥታ በማረስ ላይ ነበረች። አራሷ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ በእርሻ ወሰን ጠብ ተገድሎባታል። የተወለደው ወንድ ነው። ክርስትና የሚነሣበት አርባ ቀን ስለ ተቃረበ፣ የቡናው ወግ ዞሮ ዞሮ «ሕፃኑ ማን ይባል?» ወደሚለው አመራ።

የሟች አክስት ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «ይህ ምን ያነጋግራል! ደመላሽ ነዋ!» አለች። ከጎኗ ያለችውም፣ «እውነት ነው፤ አባቱ እንደዚያ ሜዳ ላይ ቀርቶ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል?» ስትል አገዘቻት። አራሷ አንገቷን ደፍታ ልጇን ታጠባለች፤ አንድም ቃል አልተነፈሰች። በዚህ ጊዜ ከጥጉ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሕፃን ገና ጡት አልጠገበም። ከአሁኑ የሰው ዕዳ አታሸክሙት» አሉ። አክስቲቱም ዕንባዋ እየቀደማት፣ «ታዲያ እማማ፣ የወንድሜ ልጅ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር ነው የሚሉት?» ብላ መለሰች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ የተናገረ አልነበረም።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ሳምንት ዓምዳችን የተነሣው ከዚያ ጸጥታ ነው። አሮጊቷ የተናገሩት እውነት ነው። የአክስቲቱም ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ደመ ከልብ» በግእዝ የውሻ ደም ማለት ነው፤ ፈላጊና ጠያቂ ያጣ ደም እንደ ማለት ነው። የሰው ደም የውሻ ደም ሆኖ እንዳይቀር የሚፈልግ ሁሉ በቀለኛ ነውን? በቀል የምንለው ምኑን ነው? ምን ምኑንስ ነው በስሕተት በቀል የምንለው? እስቲ ከቃሉ እንጀምር።

ቃሉና ዘመዶቹ

በግእዝ «በቀለ» ቂሙን ተወጣ፣ ክፉን በክፉ መለሰ ማለት ነው። «በቈለ» ደግሞ ዘሩ አቆጠቆጠ፣ ከመሬት ብቅ አለ ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በአማርኛችን «ቈ» ወደ «ቀ» ስለ ተለወጠ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተገናኙ። እህሉ «በቀለ» እንላለን፤ ሰውየው «ተበቀለ» እንላለን። በቀለ የሚባሉ ወንድሞቻችን ቅር አይበላቸው፤ የእነርሱ ስም የመጣው ከቡቃያ እንጂ ከቂም አይደለም።

በቀል ብዙ ዘመዶች አሉት። «ቂም» በሆድ የተቀመጠ ነው። አንድ ሰው ክፉ ሲሠራበት አመመው፤ ሕመሙን ሳይናገር ዋጠው፤ ያ ቂም ሆነ። «ቁርሾ» ከጠብ በኋላ ሳይጠራ የቀረ ዝቃጭ ነው። ሁለት ቤተሰቦች ታርቀውም ቁርሾ ሊኖር ይችላል፤ በሠርግ መጥሪያ፣ በልቅሶ ላይ በተቀረ ሰው፣ በአንድ የነገር ወጋ ይታወቃል። «ብድር» ደግሞ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ደግ ለሠራልን ሰው «ብድርህን እመልሳለሁ» ስንል ውለታ ነው። ያንኑ ቃል ጥርሳችንን ነክሰን ስንናገረው ዛቻ ይሆናል። «ደም» ሲባል ከሁሉም ይከብዳል። «በእነ እገሌና በእነ እገሌ መካከል ደም አለ» ከተባለ፣ በሁለቱ ወገን ያለ ወንድ ሁሉ፣ ያጠፋውም ያላጠፋውም፣ ደመኛ ሆነ ማለት ነው።

«ደም መመለስ» የሚለው አነጋገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሄደ ከብት ይመለሳል፤ የተበደሩት ገንዘብ ይመለሳል። የፈሰሰ ደም ግን ወደ ሰውነት አይመለስም። ተመለሰ የሚባለው ደም የሌላ ሰው ደም ነው፤ የሌላ እናት ልጅ ደም ነው። ቃሉ ተመለሰ ይላል፤ በእውነቱ ግን የተጨመረ እንጂ የተመለሰ የለም።

ብቅል የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ተረት ለሁላችንም እንግዳ አይደለም። ሰው በሆዱ የሸሸገውን ነገር በመጠጥ ጊዜ ያወጣዋል ለማለት ነው። ብዙ የደም ነገር በጠላና በአረቄ ቤት፣ በሠርግና በማኅበር ላይ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ብቅል በቤቷ የምታዘጋጅ ሴት በዚህ ተረት ውስጥ ሌላም ነገር ታያለች።

ገብሱን ትነክረዋለች። በቅጠል ትሸፍነዋለች፤ ድንጋይም ትጭንበታለች። ብርሃን ሳያገኝ፣ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ጥቂት ቀናት ሲቆይ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይበቅላል። ማብቀሉን ማቆም ስትፈልግ ምን ታደርጋለች? ገልጣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ፀሐይ ያገኘው ብቅል ደርቆ ባለበት ይቆማል።

ቂምም እንዲሁ ነው። ተሸፍኖ፣ ተጭኖበት፣ በጨለማ ከዋለ ካደረ በቀል ሆኖ ይበቅላል። በሽማግሌ ፊት፣ በዳኛ ፊት፣ ቢያንስ በአንድ እውነተኛ ወዳጅ ፊት የተሰጣ ቂም ግን ይደርቃል። በአማራ አገር ሽማግሌዎች በነፍስ ግድያ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁበትን ሥርዓት «ደም ማድረቅ» ማለታቸው በከንቱ አይደለም። ደም አይመለስም፤ ሊደርቅ ግን ይችላል።

ዘሩን የሚዘራው ማነው?

በደም መመለስ ጠመንጃውን የሚያነሣው ዘወትር ወንድ ነው። ዘሩ የሚዘራው ግን ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ነው። ይህን ስንል ጥፋቱን በሴቶች ላይ ለመጣል አይደለም። ሴቷ ብቻዋን ያመጣችው ልማድ አይደለም፤ ዕዳው ግን ከማንም ይልቅ በእርሷ ላይ ያርፋል። ቢሆንም እውነቱን ለመሸሸግ አንችልም። በልቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾ የሟችን ወንድሞች «ወንድ የለም ወይ?» እያለ ይሸነቁጣል። የሟች ልብስ በሳጥን ተቀምጦ በየጊዜው እየወጣ ለልጁ ይታያል። ልጁ በመንደር ልጆች ሲመታ፣ «የአባትህን ገዳይ ዝም ብለህ ለዚህ ታለቅሳለህ?» ይባላል። አባቱን በሕይወቱ ያላየው ልጅ፣ አባቱን የሚያውቀው በአሟሟቱ ብቻ ይሆናል።

ስም ማውጣትም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ እናት ስም ስታወጣ የቤቷን ታሪክ ትጽፋለች። ሰው የሞተባት እናት በፊቷ ሁለት ዓይነት ስሞች አሉ። አንደኛው ዓይነት ደመላሽ፣ በላቸው፣ አስታጥቄ የመሳሰለው ነው። ሌላው ዓይነት ካሣ፣ ካሣሁን፣ ካሣነሽ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ነው። ሐዘኑ አንድ ነው። የመጀመሪያው ስም ግን ሕፃኑን «ሂድ» ይለዋል፤ ሁለተኛው «መጣህልኝ» ይለዋል። ደመላሽ ተብለው ማንንም ሳይነኩ በሰላም ያረጁ ብዙ ደጋግ ሰዎች መኖራቸውን እናውቃለን። ስም ብቻውን ሰው አይገድልም። ነገር ግን ስሙም፣ ሙሾውም፣ ልብሱም፣ ሽሙጡም በአንድ ልጅ ላይ ሲደራረቡ ምን እንደሚያፈሩ ማወቅ አያስቸግርም።

ስለ ካሣ ከተነሣ፣ ከሐይቁ በስተሰሜን በደምቢያ የሚነገረውን የታወቀ ታሪክ ማስታወስ ያሻል። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ በጠላቶቻቸው ይሰደቡ ነበር። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድም «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ እንደ ዘመተ፣ ካሣም ድል አድርገው ከማረኩት በኋላ ኮሶ እንዳጠጡት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ስለ እናት ክብር የተደረገ ነውና ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ የኋለኛውንም ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ፕላውደን በሸፍታው በጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። በዚያው ዓመት ሌላው ወዳጃቸው ጆን ቤል ጋረድን ገደለ፤ ቤልም እዚያው ጦርነት ላይ ተገደለ። ንጉሠ ነገሥቱም በበቀል በመቶ የሚቆጠሩ ምርኮኞችን አስፈጁ። ከአንድ ሰው ደም ተነሥቶ መቶዎች ላይ የደረሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው። የእነዚያን ምርኮኞች እናቶች ያስታወሰ ግን የለም።

ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

በሐይቁ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ደም ያለበት ቤት ኑሮው ምን እንደሚመስል ብዙ አንባብያን ያውቁታል። ወንዱ ወይ ወኅኒ ነው፣ ወይ ሸፍቷል፣ ወይ አገር ጥሎ ተሰዷል። ቤት ያለውም ቢሆን ገበያ በነጻነት አይወጣም፤ በመሸ ጊዜ ከደጅ አይቆምም። በልማዱ ሴትና ሕፃን አይነካም ስለሚባል ገበያ መውጣቱም፣ ወፍጮ መሄዱም፣ ቀበሌ መመላለሱም በሴቷ ላይ ይወድቃል። ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድ ደግሞ እንዳለ ነው። ስለዚህ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ትናንት ሙሉ ጎተራ ዳጉሳና ጤፍ ያስገባ የነበረ ቤት ዛሬ ግማሹን ብቻ ያስገባል። ልጁ በመንገድ እንዳይጠበቅ ተብሎ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ከዚህም የከፋ አለ። በአንዳንድ ቦታ እርቁን ለማጽናት እየተባለ የአንዱ ወገን ልጃገረድ ለሌላው ወገን እንድትዳር ይደረጋል። ያላጠፋችው ልጅ የጥፋቱ መክፈያ ትሆናለች ማለት ነው። በጠላትነት ወደሚያያት ቤት ገብታ፣ የሞተውን ሰው ስም በየቀኑ እየሰማች ትኖራለች። ይህ እርቅ አይደለም፤ ደሙን ከወንዶች አንሥቶ በአንዲት ልጅ ላይ መጫን ነው። በሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ የተደረገ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መዳርም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አልባኒያ ተራሮች «ካኑን» በሚባለው የጥንት ልማዳዊ ሕግ መሠረት ደም ያለባቸው ቤተሰቦች ወንዶች ልጆቻቸውን ከቤት ሳያስወጡ ለዓመታት ያስቀመጡበት ጊዜ አለ። እዚያም ሴቷ አትነካም ስለሚባል የውጭውን ሥራ ሁሉ የምትሸከመው እርሷ ናት። አገሩና ቋንቋው ቢለያይም የደም ዕዳ የሚወድቅበት ትከሻ አንድ ነው።

የቆራጣ ትምህርት

የበቀልን መንገድ ትቶ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆራጣ የምትባል የቆየች ከተማ አለች። ታሪኳ ከአንዲት ሴት ጋር የተያያዘ ነው። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ ነበር። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባት፣ ሃይማኖቷንም እንድትለውጥ ስለማትወድ፣ ባሏ በዘመተበት ጊዜ በጣና መነኮሳት ረዳትነት ቤቷን ትታ ሄደች።

ባሏ ምን አደረገ? ሚስቱ ተሸሸገችበት የተባለውን ከተማ ማጥፋት ጀመረ። ወለተ ጴጥሮስም ስለ እርሷ የሌላ ሰው ቤት እንዳይፈርስ ተመለሰች። ኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኑ አባት አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ነገር የባሏ እጅ እንዳለበት ስታውቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1617 ለሁለተኛ ጊዜ ትታው ወጣች፤ መነኮሰችም። ደም ለመመለስ ሰው አላስነሣችም፤ ከበዳዩም ጋር አልኖረችም። እስከ ሞተችበት እስከ 1642 ድረስ በሐይቁ ዙሪያ ሴቶችና ወንዶች የሚኖሩባቸውን ማኅበሮች አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1649 ገደማ በስሟ በቆራጣ የተመሠረተው ገዳም ደግሞ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ቁጣ ያሳደዳቸው ሰዎች የሚማፀኑበት መጠጊያ ሆኖ ኖረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በደልን መተውና በዳይን መታገሥ አንድ አይደሉም። ወለተ ጴጥሮስ አልተበቀለችም፤ ነገር ግን «ቻይው» ስለ ተባለች ብቻ ከገዳይ ቤት አልተቀመጠችም። ሁለተኛ፣ መጠጊያ የሚያስፈልገው ነገሩን ለመሸሸግ አይደለም። የጋለ ደም ቀዝቅዞ ነገሩ በቃል የሚነገርበት ጊዜ እንዲገኝ ነው።

በቀልና ፍትሕ የሚለዩበት

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ዘመዶቹ ሊገድሉትም፣ የደም ዋጋ ተቀብለው ሊተዉትም ይችሉ ነበር። ካህናትና ሽማግሌዎች ካሣውን እንዲቀበሉ ይለምኑ ነበር። የገዳይ ዘመዶችም ድንጋይ ተሸክመው እግር ላይ ይወድቁ ነበር። ያ ሥርዓት ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ነፍስ ማጥፋት የሚዳኘው በመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌዎች ቤተሰቦችን ቢያስታርቁ እጅግ መልካም ነው፤ እርቁ ግን የወንጀሉን ክስ አያስቀርም።

ታዲያ በቀልና ፍትሕ በምን ይለያሉ? አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል።

አንደኛ፣ የሚከፍለው ማነው? ፍትሕ የሚጠይቀው ያጠፋውን ሰው ነው። በቀል ግን ወንድሙን፣ የአጎቱን ልጅ፣ ገና ያልተወለደውን ጭምር ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የሚፈርደው ማነው? በፍትሕ የሚፈርደው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ነው። በቀለኛ ግን ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ልኩ ስንት ነው? ፍርድ በጥፋቱ መጠን ይለካል። በቀል መለኪያው የተበቃዩ ንዴት ስለሆነ ልክ የለውም።

አራተኛ፣ መቼ ያበቃል? ፍርድ ቀን ተቆርጦለታል። በቀል ግን ተራውን ለሌላው ወገን ያስረክባል እንጂ አያበቃም።

በእነዚህ ጥያቄዎች መዝነን ስናይ «በቀል» የሚለው ቃል በየቤቱ ያለ ቦታው እንደሚነገር እንረዳለን። ባሏ የደበደባት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ብትከስ፣ «በቀለኛ ናት» ትባላለች። የተፋታች ሴት የጋራ ንብረቷን ድርሻ፣ ለልጆቿም ቀለብ ብትጠይቅ፣ «ልትበቀለው ነው» ይባላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እርሷ የጠየቀችው ያጠፋውን ነው፤ የሄደችው ወደ ሦስተኛ ሰው ነው፤ የምትጠብቀው በሕግ የተለካውን ነው። ታዲያ በቀሉ የቱ ላይ ነው? ያለ ቦታው የተነገረው ቃል የተበደለችውን አፍ ማስያዣ ሆኗል ማለት ነው።

ራስን መከላከልም በቀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተጠለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ተከሳ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናብቷታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ እውነተኛው በቀል ሌላ ስም ሲሰጠው እናያለን። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዲት ወጣት እምቢ ስላለች አሲድ በተደፋባት ጊዜ አገሩ ሁሉ ደንግጧል። እንዲህ ያለውን «ከፍቅር ብዛት ነው» የሚሉ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ፍቅር አይደለም፤ እምቢታን እንደ ስድብ ቆጥሮ መበቀል ነው። ከፍቺ በኋላ አባት ሚስቱን ለማስጨነቅ ሲል የልጁን ቀለብ ቢያቋርጥ በቀል ነው። እናትም አባትዬውን ለማቃጠል ስትል ልጁን ከአባቱ ብትደብቅ፣ «አባትህ ጠላትህ ነው» እያለች ብታሳድገው፣ እርሱም በቀል ነው። እነዚህ ደም የማይፈስባቸው ትንንሽ በቀሎች ናቸው። የሚከፍለው ግን እዚህም ያላጠፋው ነው፤ ልጁ ነው።

ምን ይሻላል?

አሁን ወደ አክስቲቱ ጥያቄ እንመለስ። የሰው ደም ደመ ከልብ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት ወንጀሉን ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማመልከት ነው። «እኛው እንወጣዋለን» ብሎ ምስክር መሸሸግ ገዳዩን ነጻ የሚያወጣ፣ ንጹሕ ዘመዱን ግን ለጥይት የሚያጋልጥ ነገር ነው። ቀጥሎም የሟች ሚስትና ልጆች በሕግ ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ማወቅ ያሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በጥፋት ሲሞት የሚስትና የልጆችን መተዳደሪያ ጉዳይ ሳያነሣ አላለፈም። ካሣ የሟች ዋጋ አይደለም፤ ለሰው ዋጋ አይወጣለትም። የቀሩት እንዳይራቡ፣ ጥፋቱም ጥፋት መሆኑ በአደባባይ እንዲታወቅ ነው።

ሽምግልናም ከፍርዱ ጎን ሆኖ ቤተሰቦችን ሊያገናኝ ይገባል። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። በደም እርቅ ላይ የሚሰበሰቡት፣ የሚናገሩት፣ የሚማማሉት ወንዶች ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት በጓዳ ሆና «ተስማሙ» የሚለውን ወሬ ትሰማለች። ያልተናገረች ሴት ቂሟ ፀሐይ አላገኘም ማለት ነው። እርሷ ያልታረቀችበት እርቅ ከሃያ ዓመት በኋላ በልጇ እጅ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ትጠራ፣ ትናገር፣ ታልቅስ፤ የምትፈልገውንም ትጠየቅ።

እናቶችም የአባትን ነገር ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን አሟሟቱን ብቻ ሳይሆን ኑሮውን ይንገሩ። እንዴት ያርስ እንደ ነበር፣ በምን ይስቅ እንደ ነበር፣ የትኛውን ዛፍ እንደ ተከለ ይንገሩ። አባቱን በኑሮው የሚያውቅ ልጅ አባቱን ለመምሰል ይተጋል። አባቱን በአሟሟቱ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን የሚያስበው ስለ ገዳዩ ነው። ይህን የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ቤት ልቅሶ ገብቶበታል፤ ብዙ ሕፃናት አባታቸውን ሳያውቁ እያደጉ ነው። በእነዚህ ቤቶች ዛሬ የሚነገረው ነገር የነገ አገራችንን ኑሮ ይወስናል።

ያ ቡና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አራሷ ቀና አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ ክሱን አልተውም። ምስክር ሆኜ ችሎት ቀርቤ የማውቀውን እናገራለሁ። ልጄን ግን ለዚህ አልወለድሁትም» አለች። አክስቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም ተነሥታ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ተቀበለችና ግንባሩን ሳመችው።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችንን ገበያ ላይ አግኝተን ስለ ልጁ ጠየቅናት። ክርስትናው በሰላም መጠናቀቁን፣ የክሱም ነገር በፍርድ ቤት መቀጠሉን ነገረችን። ልጁ ካሣሁን ተብሏል።